ጉድ ሳይሰማ

ጳጉሜን በባተ በመጀመሪያው ማታ፣
ዝናቡ ሲያባራ፣ ጭጋጉ ሳይፈታ፣
የአመተ ልዑል ላም ሌሊቱን አምጣ አምጣ፣
ባንድ ገላ ላይ ሁለት ራስ መጣ።

«ጉድ ሳይሰማ ከቶ መስከረም አይጠባም»
ስንል ኖረን ሳለ፣ ጉዱ ቤት ሲመጣ
ከደጅ ቆምን እንጂ ማንም ሰው አልገባም።
አንዱ «የጦር ምልክት»፣ አንዱ «ቸነፈር»፣
አንዱ ድምፁን ሰብሮ «ያልከፈለችው ብድር»።

እኔ ዘወንጌል ነኝ፤ ቀለም በጥባጭ፣ ጸሓፊ፣
የመርጡለ ማርያም ብራና ፋቂ፣ ቆዳ አልፊ።
«ሄደህ አይተህ ጻፍ» ብለው ላኩኝ አለቃው፤
ለተአምር ቀይ፣ ለመቅሠፍት ጥቁር፣ ሁለቱን ቀለም ይዤ፣
ብዕሬን ከየቱ እንደምነክር ግን ሳላውቀው።

ከኔ ቀድሞ ደርሷል አፍርንጁ አባ ቶማዞ፣
ከናስ የተሠራ፣ ባለ ሁለት እግር መለኪያ ይዞ።
ከግንባር እስከ አፍንጫ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ
ለካ፣ ጻፈ፣ ሣለ፣ ደግሞ ለካ ቆጥሮ።
አላማተበበት፤ አልሸሸም፤ አልፈራም፤
እውነቱን ለመናገር፣ ለጥጃውም አልራራም።

«ስንት ቀን ነው ዛሬ?» አለኝ ብዕሩን ሰቅሎ፤
«ጳጉሜን ሦስት» ስለው ሳቀ ራሱን ጥሎ፦
«ወር አምስት ቀን ይሆናል? ይህስ ራሱ ጉድ ነው፤
በእኛ አገር ቢወለድ ለንጉሥ የሚታይ ነው።»

ዝም አልሁ።
ከአሥራ ሁለቱ ተርፋ የቀረች፣
ሳትሞላ የተወለደች፣
በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ጣት የምታወጣ፣
እኛ ግን ራቁታችንን ወጥተን በዝናቧ የምንጠመቅባት —
በዚህ ዓይን አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከኮርጆው መጽሐፍ አወጣ፣ ሥዕሉን ገልጦ፦
ራስ የሌለው ሰው፣ ከደረቱ ላይ ዓይኑ አፍጦ፣
ባንድ እግሩ የሚሮጥ፣
የውሻ ፊት ያለው፣ አጥንት ይዞ ተቀምጦ።
«የት ነው የሚኖሩ?» አልሁት።
ጣቱ ከመስመሩ ሥር ሄዳ ሄዳ ቆመች።
«ከዓባይ ምንጭ ወዲያ ይላል፤ በእናንተው አገር»
አለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ እንደ ማፈር።

አመተ ልዑል ሳቀች፤ ሁለት ቀን ጥርሷ ያልታየ ሴት፦
«እኛ ደግሞ እነሱን ስናስቀምጥ በእናንተ ደጅ!
ልጅ አልተኛ ሲል፣ ‹መጣልህ› ብለን የምንጠራው አፍርንጅ!»
እሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ በረቱ ውስጥ ሦስታችን፣
ጭራቅ ፍለጋ ወጥተን ተገናኘን ከፊታችን።

ላሟ ይህን ሁሉ አልሰማችም።
ቀኙን ራስ ትልሳለች፤ ዞራ ግራውን ትልሳለች፤
የትኛው ትርፍ እንደሆነ አልጠየቀችም።
ሴቲቱ ጣቷን ወተት ነክራ ለአንዱ አፍ ስትሰጥ
ያልተሰጠው ጉሮሮ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ አብሮ ይውጣል፣ ባዶውን።

በጳጉሜን አምስት ሌሊት ሞተ። መጀመሪያ ግራው፤
ጥቂት ቆይቶ፣ የጠበቀው ይመስል፣ ቀኙ።
አባ ቶማዞ ራሱን ለመነ፣ ዐሥር አሞሌ ደረደረ፦
«ከመስተዋት ቤት ይቀመጣል፣ ከዓሣ ነባሪ አጥንት ጎን።»
ጨው በአገሩ ጨው ነው፤ መበለት ናት፤ አየችው።
ከዚያ ከዋርካው ሥር፣ በገዛ ዶማዋ፣
አራቱንም ዓይን ጨፍና ቀበረችው።

እኔም ተቀመጥሁ።
በቀይ «ተአምር» ጻፍሁ፤ በካራ ፋቅሁት።
በጥቁር «መቅሠፍት» ጻፍሁ፤ እሱንም ፋቅሁት።
ብራናው ሳሳ፤ መብራቱ ማዶ ታየ፤
ቆዳውም የጥጃ ነበር፣ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።
በሳሳው ላይ ይህችን አሰፈርሁ፦
«በጳጉሜን ጥጃ ተወለደ። እናቱ ላሰችው።»

አለቃው አነበቡና «ራሱስ?» አሉኝ።
«የቱ ራሱ?» አልኋቸው።
በማግሥቱ መስከረም ጠባ።